አይሱዙው ይሸጥ? የአንድ የለገጣፎ ቤተሰብና የአብራሪነት ሥራ ጉዳይ

ለገጣፎ የሚኖሩ አንድ አባት በአይሱዙ መኪና አሸዋና ጠጠር እያመላለሱ ሦስት ልጆች አሳድገዋል። የበኩር ልጃቸው በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቋል። ከተመረቀ በኋላ ግን የረባ ሥራ አላገኘም። አንዴ ብሎኬት ማምረቻ፣ አንዴ ተቋራጭ ጋ፣ ሲጠሩት እየሄደ ሲሠራ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቤቱ ውስጥ አንድ ዕቅድ ተነሳ። አይሱዙው ይሸጣል። የቤቱ ካርታ ባንክ በመያዣነት ይገባል። ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ አብራሪነት ይማራል።

የአየር መንገድ ነገር እንደምከታተል የእድራችን ሰው ያውቃል። አባትየው የጠሩኝም ለዚህ ነው። "ቁርጡን ንገረኝ" አሉኝ። በኋላ ጉዳዩን ልጻፈው ስላቸው ፈቀዱ፤ ስማችን ብቻ ይቅር አሉ። የምጽፈው ይኸው ወሬ በብዙ ቤት ስላለ ነው። ሰበታ፣ ገላን፣ ሱሉልታ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የትም ብትሄዱ ልጁን ፓይለት ለማድረግ ያለውን ሁሉ ሊሸጥ የተዘጋጀ ወላጅ አይጠፋም።

በቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለ አብራሪ እጥረት ነበር። እጥረት አለ፣ እጥረት የለም፣ ክርክሩ በዚሁ ላይ ይዞር ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ልጁ ፈቃዱን ይዞ ቦሌ ሲወርድ የመጀመሪያውን ወንበር የሚሰጠው ማን ነው?

ወሬው የመጣው ከሜሪላንድ ነው

የአባትየው ታናሽ ወንድም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ ይደውላል። "እዚህ ፓይለት ጠፍቷል። ጀማሪው ሳይቀር በሰዓት ዘጠና ዶላር ያገኛል" እያለ የወንድሙን ልጅ ልብ ሰቀለው።

አጎት አልዋሸም። በኮቪድ ጊዜ የአሜሪካ አየር መንገዶች ብዙ ነባር አብራሪዎችን በጊዜ ጡረታ አስወጡ። ተሳፋሪው ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ሲመለስ አብራሪ አጠራቸው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሪጅናል ከሚባሉት፣ ማለትም ትንንሽ ከተሞችን ከትልልቅ ኤርፖርቶች ጋር ከሚያገናኙት ኩባንያዎች፣ አብራሪ እየሳቡ ወሰዱ። ሪጅናሎቹ ካፒቴን አጥተው አውሮፕላን አቆሙ። አንዳንድ ትንንሽ ከተሞች በረራቸውን እስከ ማጣት ደረሱ። በጁን 2022 እ.ኤ.አ. ፒድሞንትና ኤንቮይ የተባሉት ሪጅናል ኩባንያዎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት። አጎት የሰማው ይህን ነው።

ያልሰማው ደግሞ አለ። አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። ከዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ ወይም ከጦር ኃይል ለሚመጣ ይቀነሳል። ልጁ ከደቡብ አፍሪካ ይዞት የሚመጣው ግን ሁለት መቶ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ የመሥራት ፈቃድ ይፈልጋል። እሱ ግሪን ካርድ የለውም። ሦስተኛ፣ አጎት በሚደውልበት ሰሞን ያ ሁሉ ግርግር ቀዝቅዞ ነበር። በጃንዋሪ 2024 የአንድ ቦይንግ 737 ማክስ የበር መዝጊያ አየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። ቦይንግ ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ፣ ምርቱ ዘገየ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ደግሞ የፋብሪካው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በሌላ በኩል የኤርባስ አውሮፕላኖች ላይ የሚገጠም የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር ችግር ብዙ አውሮፕላን መሬት ላይ አስቀመጠ። ስፒሪት የተባለው አየር መንገድ አብራሪዎቹን ያለ ደመወዝ አሰናብቶ በኖቬምበር 2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አውሮፕላን በሰዓቱ ካልደረሰ አብራሪ አይቀጠርም።

የ1,500 ሰዓቱን ሕግ ለአባትየው ሳስረዳ ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። በፌብሩዋሪ 2009 ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ አጠገብ አንድ ሪጅናል አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ኪው400 ነበር። ዛሬ ጎንደርና ጅማ የሚያደርሰን ዓይነት ማለት ነው። ምርመራው ያገኘው የአውሮፕላኑን ጉድለት አልነበረም። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን አጥቶ መንሳፈፍ ሲያቅተው አብራሪዎቹ የሰጡት ምላሽ የተሳሳተ ነበር። ድካምና የሥልጠና ክፍተትም ተነሳ። ከዚያ ኮንግረሱ ሕግ አወጣ። የሚገርመው ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሕጉ በትክክል የሚከላከለው ምኑን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እዚህ ላይ እናትየው ወሬውን አቋረጡ። "የቢሾፍቱውስ?" አሉ።

ዝም የሚባል ጥያቄ አይደለም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከቦሌ ተነስቶ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደበረረ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ረዳት አብራሪው በጠቅላላ 361 ሰዓት የበረረ ወጣት ነበር። በዚያን ሰሞን ውጭ አገር ጣታቸውን እሱ ላይ የቀሰሩ ነበሩ። ምርመራው ግን ያሳየው ሌላ ነው። ከአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ የወሰደ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው። ዓለም ሁሉ ማክሱን ከበረራ ያገደው ለዚህ ነው። ለእናትየው ይህን አስረዳሁ። ያ ወጣት ወንበሩን ያገኘበት መንገድም ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። አየር መንገዱ ከዜሮ አሠልጥኖ፣ በሲሙሌተር ፈትኖ፣ ራሱ ነው ያስቀመጠው። የኛ አገር መንገድ ይህ ነው። ሰዓት ቆጥሮ በር ከማንኳኳት በፊት በሩ ውስጥ መግባት ይቀድማል።

በሩ አንድ ነው

አንድ ልጅ አሜሪካ ውስጥ በአንዱ ሪጅናል ቢወድቅ ሌላው ጋ ይሄዳል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመደበኛ መንገደኛ በረራ ማለት በተግባር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በመጋቢቱ መጨረሻ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ጀምሮ አብራሪዎቹን በአብዛኛው ራሱ እያፈራ ነው የመጣው። ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ማሠልጠኛ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ የጤና ምርመራ አለ። ያለፈው በአየር መንገዱ ወጪ ይማራል፣ የአገልግሎት ውል ይፈርማል። ዩኒቨርሲቲው በራሳቸው ከፍለው የሚማሩትንም ይቀበላል። ግን ከፍሎ መማር በራሱ የቅጥር ውል አይደለም። ይህን ብዙ ወላጅ ሳያጣራ ይፈርማል።

የግል ኩባንያዎችስ የሉም ወይ? እነሱም አሉ። ቦሌ ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ያሏቸው፣ ቱሪስት፣ የእርዳታ ሠራተኛ፣ በሽተኛ የሚያመላልሱ። ለረጅም ዓመታት የአገራችን ሕግ የግል ባለሀብቶችን እስከ 50 መቀመጫ ባላቸው አውሮፕላኖች ገድቦ ነው ያቆያቸው። በዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪው፣ መለዋወጫው፣ ነዳጁ አለ። ዘርፉ አላደገም። የሚበርሩት አውሮፕላኖች ጥቂት ከሆኑ የረዳት አብራሪ ወንበሩም ጥቂት ነው። ያንን ወንበር ደግሞ ሁለት መቶ ሰዓት ይዞ ለሚመጣ ጀማሪ ከመስጠት ይልቅ ልምድ ላለው መስጠት ይቀናቸዋል። መድናቸውም ይህን ያስገድዳቸዋል።

በዚህ ጉዳይ ልቤን የሚያስጨንቀኝ የትንንሾቹ በረራ ነገር ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ወንበር ያለው እዚያ ስለሆነ።

ከለገጣፎ ሰማይ ስር የተቀመጠ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። ከምሥራቅ በኩል ወደ ቦሌ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ድሪምላይነሩ ሲያልፍ ድምፁ ረጅምና ልስልስ ነው። ኪው400ው ሲመጣ ግን የሁለቱ ፕሮፔለር እምምታ ቀድሞ ይሰማል። ልጁ ጣራ ላይ ሆኖ ሳያይ በድምፅ ይለያቸዋል። "ይሄ ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው" ይላል።

ኪው400 ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገር ውስጥ በረራችንን ከፎከር 50 ተረክቦ የተሸከመ አውሮፕላን ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። ለምን ፕሮፔለር? ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተርም ክንፍም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የክፍለ ሀገር ማኮብኮቢያዎቻችን ደግሞ ብዙዎቹ አጭር ናቸው። በዚያ ላይ በረራው ራሱ አጭር ነው። ሐዋሳ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ጄት ነዳጅ የሚቆጥበው ከፍ ብሎ ረጅም ሲበር ነው። ገና ከፍታው ላይ ሳይደርስ መውረድ የሚጀምር ከሆነ ነዳጁን ይበላል። ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ጂንካ፣ ደምቢዶሎ፣ ጎዴ፣ እነዚህ ከተሞች በአየር የሚገናኙት በፕሮፔለር ስለሆነ ነው። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህ በረራ ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛ መውጫ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

የዚህ አውሮፕላን ቀጣይ ዕጣ ግን ግልጽ አይደለም። አምራቹ ዴ ሃቪላንድ ካናዳ በ2021 አዲስ ኪው400 መሥራት አቁሟል። ያሉትን አድሶ ይሸጣል፣ ክፍል ያቀርባል። በዚህ መጠን አዲስ ፕሮፔለር አውሮፕላን ለዓለም ገበያ በብዛት የሚያቀርበው የአውሮፓው ኤቲአር ነው። የብራዚሉ ኢምብራየር አዲስ ፕሮፔለር አወጣለሁ ብሎ በ2022 መጨረሻ አቆየው። ስለዚህ የአገር ውስጥ በረራ በፍጥነት ይስፋ ቢባል እንኳ አውሮፕላኑ ከየትም ተነስቶ አይመጣም። የወንበሩን ቁጥር የሚወስነው ይህ ነው። አንድ የአጭር ርቀት አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ለፈረቃ፣ ለዕረፍትና ለሥልጠና ሲባል ከአራት እስከ ስድስት ጥንድ አብራሪ ይፈልጋል። ሁለት አውሮፕላን ቢጨመር የሚከፈተው ወንበር ከሃያ ብዙም አይርቅም። ማስታወቂያ ሲወጣ ስንት ሺህ ሰው እንደሚሰለፍ አስቡት።

ሌላው ወንበር የሚከፈትበት መንገድ ከላይ ነው። አየር መንገዱ ትልቅ አውሮፕላን ሲያስገባ የ737 አብራሪ ወደዚያ ይሄዳል፤ የኪው400 አብራሪ ወደ 737 ይሄዳል፤ ታች ያለው ወንበር ለአዲስ ተመራቂ ይለቀቃል። በኖቬምበር 2023 ዱባይ ላይ የቦይንግ 787፣ የ737 ማክስና የኤርባስ ኤ350 ትእዛዝ ይፋ ሲሆን፣ በማርች 2024 ደግሞ ስምንት 777ኤክስ ሲታዘዝ እኔ በጣም ተደስቼ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል። ግን 777ኤክስ መጀመሪያ ይደርሳል የተባለው በ2020 ነበር። በኦክቶበር 2024 ወደ 2026 ተገፋ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ወደ 2027 ተገፋ። ሲያትል ላይ የሚዘገይ አውሮፕላን እዚህ የጅማውን በረራ ረዳት አብራሪ ወንበር ያዘገየዋል። ለገጣፎ ያለው ልጅ ይህን ማወቅ ነበረበት። የነገረው ግን አልነበረም።

ወረቀቱና ሂሳቡ

ቦሌ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ኤጀንት ለልጁ የሚያምር ወረቀት ሰጥቶታል። ወረቀቱ ላይ "በ20 ዓመት 674,000 አብራሪ ይፈለጋል" የሚል በትልቁ ተጽፏል። ቁጥሩ ከቦይንግ የ2024 ትንበያ የተወሰደ ትክክለኛ ቁጥር ነው። ግን የዓለም ሁሉ ነው፣ የሃያ ዓመት ነው፣ ጡረታ የሚወጡትን መተካትም አለበት። የሚተነብየውም አውሮፕላን የሚሸጠው ራሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት 660,000 ብሎታል። ይህ ቁጥር ለመንግሥትና ለኩባንያ ዕቅድ ይጠቅማል። ለአንድ ቤት ካርታ ግን መያዣ አይሆንም።

ሂሳቡን የሠራነው በአባትየው የአሸዋ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የጠየቀው 45 ሺህ ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ወደ 2.6 ሚሊዮን ብር ይሆን ነበር። እኛ በታኅሣሥ 2017 ስንቀመጥ ዶላሩ 125 ብር ገደማ ገብቷል። 5.6 ሚሊዮን ማለት ነው። አይሱዙው ብቻውን አይሸፍነውም፤ ካርታው የተነሳው ለዚህ ነው። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፉ ነገሮች አሉ። የቤት ኪራይና ምግብ። ፈተና ወድቆ ቢደግም የሚከፈለው የበረራ ሰዓት። አየር ጠባዩ ሲበላሽ ሳይበር የሚያልፈው ጊዜ። ሲመለስ ፈቃዱን በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ማስቀየር። ለአንድ አውሮፕላን ዓይነት የሚወሰደው ታይፕ ሬቲንግም አለ። እሱ ለብቻው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

አባትየው እስክሪብቶውን አስቀምጠው፣ "መኪናው በወር የሚያስገባውንስ ቀነስክ?" አሉኝ። አልተቀነሰም ነበር። የሦስት ልጆች እንጀራ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሂሳቡን የዘጋው ያ ጥያቄ ይመስለኛል። አይሱዙው እንደ ገንዘብ ብቻ ሲታይ ቆይቶ፣ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ መሆኑ ድንገት ጠረጴዛው ላይ መጣ።

ልጁ ግን አልተዋጠለትም። "እናንተ ሁልጊዜ ፈሪ ናችሁ" አለ። አልተቆጣሁትም። ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖት ዲግሪ ይዞ ብሎኬት የቆጠረ ልጅ ነው። ሌላ ሰው እንዲያናግረው አደረግኩ።

አያት አካባቢ የምትኖር አንዲት ወጣት አለች። ጎረቤት አገር ሄዳ፣ ቤተሰቧ መሬት ሸጦ፣ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ይዛ የመጣች። የበረራ ሰዓቷ ሁለት መቶ አሥር ነው። አሁን የምትሠራው ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው። እሁድ ከሰዓት መጥታ ቡና እየተጠጣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ጋሼ፣ ፈቃዱን ማግኘቱ አይደለም የከበደኝ" አለች። "ማቆየቱ ነው።"

የጤና ምስክር ወረቀቱ በየዓመቱ ይታደሳል። በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው ሬቲንግም በየዓመቱ ፈተና አለው። ለዚያ ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን በሰዓት ትከራያለች፣ ለፈታኙ ትከፍላለች፣ እዚህ ካልተመቻት የአየር ትኬት ቆርጣ ትሄዳለች። አንድ ዓመት አደሰች። ሁለተኛው ዓመት አቃታት። አሁን ማስታወቂያ ቢወጣ እንኳ መጀመሪያ ያለፈውን ማደስ አለባት። ስትማር "ስትጨርሺ ሥራ እናገናኝሻለን" ብለዋት ነበር። ውሉ ላይ ግን ስለ ሥራ አንድ መስመር የለም። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ያዳመጣት እዚህ ጋ ሲደርስ ነው። የበረረችባቸውን ሰዓቶች የመዘገበችበትን ሎግቡክ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። የመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው።

እሷ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ይህም ይጻፍልኝ ብላለች። ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። ጥሩ አብራሪ እንደምትሆን እኔ አልጠራጠርም። የጎደላት ችሎታ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ሰዓት የሚያበርራት ነው።

ምን ተደረገ

በመጀመሪያ ልጁ ሐኪም ጋ ሄደ። ይህን የምለው ከሁሉ በፊት መሆን ስላለበት ነው። አንደኛ ደረጃ የሚባለው የአብራሪ ጤና ምርመራ ዐይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ደም ያያል። መነጽር ማድረግ በራሱ አይከለክልም። ቀለም መለየት አለመቻል ግን ብዙ ሕልም የቆመበት ቦታ ነው። ኤጀንቱ ቅድመ ክፍያ ሲጠይቅ ስለዚህ ምርመራ አላነሳም ነበር። ልጁ አለፈ። ደስ አለው፤ ደስ አለን።

ቀጥሎ ኤጀንቱ ጋ አብረን ሄድን። ካለፈው ሁለት ዓመት ተመራቂዎች መካከል ስንቱ አየር መንገድ ውስጥ ወንበር አገኘ? የሚሰጠው ፈቃድ የትኛው ነው? ኤምፒኤል የሚባለው ከሆነ ከሌላ አብራሪ ጋር በአየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ብቻ የሚያሠራ ስለሆነ፣ ከጀርባው አየር መንገድ ከሌለ ብዙም አያራምድም። ገንዘቡስ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየደረጃው? ኤጀንቱ ሁለተኛውን መለሰ፤ የተለመደው የንግድ አብራሪ ፈቃድ ነው። ሦስተኛውን ግማሽ በግማሽ አለ። የመጀመሪያውን "ብዙዎቹ" ብሎ አለፈው። አባትየው "ብዙዎቹ ስንት ናቸው?" አሉ። አልመለሰም።

እኔ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። ከአንድ ቤተሰብ ሚሊዮኖች የሚቀበል የበረራ ትምህርት ቤትም ሆነ ኤጀንት ስንት ተማሪ እንደተመረቀና ስንቱ የመጀመሪያ ወንበር እንዳገኘ በጽሑፍ የማሳየት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሥልጠናውን ጥራት እንደሚያየው ሁሉ ይህንንም ቢያይ ስንት ቤት ይተርፋል።

አይሱዙው አልተሸጠም። ልጁ በ2017 ክረምት የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ፈተና ወስዶ አልፎ ገባ። ሜካኒካል መማሩ ረዳው። ጥገና ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ሲታይ ያናድደኛል። ያው የቦይንግ የ2024 ትንበያ ለጥገና ባለሙያ ያስቀመጠው ቁጥር 716,000 ነው፤ ከአብራሪው ይበልጣል። ወረቀቱ ላይ ያ ቁጥር አልተጻፈም ነበር። የፓይለት ማስታወቂያ ሲወጣ ዕድሜው እስከፈቀደለት ድረስ ለማመልከት ተስማምተናል። አጎት መጀመሪያ ተቀይሞ ለጥቂት ሳምንት አልደወለም። በኋላ የመጽሐፍና የትራንስፖርት ወጪውን ችሏል።

ልጁ ሙሉ በሙሉ ደስተኛ ነው ብዬ አልጽፍም። አንዳንድ ቀን አባቱን አያናግርም። ሌሎች ሄደው የተሳካላቸው እንዳሉ ይነግረኛል፤ እውነቱን ነው፣ አሉ። አንዳንዶቹ የቤተሰባቸው አቅም ሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ደመወዝ ሊያቆያቸው የሚችል ነው። አንዳንዶቹ ሁለተኛ ፓስፖርት አላቸው። እነሱ የሚከፍሉትን ይህ ቤት መክፈል አይችልም።

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት በየጊዜው ይነሳል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የመጀመሪያው ምዕራፉ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታቀደው፤ ቦሌ የሚችለው 25 ሚሊዮን ነው። ግንባታው በጃንዋሪ 2026 በይፋ ተጀምሯል። በዕቅዱ መሠረት በ2030 አካባቢ ሥራ ሲጀምር ብዙ አብራሪ፣ ብዙ ቴክኒሻን፣ ብዙ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ አምናለሁ።

ይህን ሲሰማ ጆሮዋን የምታቆመው የቤቱ ትንሿ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነች። አሁን መብረር የምትፈልገው እሷ ሆናለች። ያለባትን እንቅፋት ታውቀዋለች። በ2016 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው 5.4 በመቶ ተማሪ ነበር። አባቷ ከአይሱዙው ገቢ በየወሩ ለፊዚክስና ለሒሳብ አስጠኚ መክፈል ጀምረዋል። እንግሊዝኛውን ወንድሟ ማታ ማታ ያስጠናታል። የዐይን ምርመራዋን በዚህ ክረምት ታደርጋለች።